የማክሰኞ ስህተቶች

«በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ከገጼ ይውጣ ብዬ የወሰንኩት ሥራ በፈታሁ በሦስተኛው ወር ነው።

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ሲዘጋ፣ ሥራ ፈላጊ ሁሉ እንደሚያደርገው የባለሙያዎች መገናኛ ገጽ ከፈትኩ። ስልኬን በነካሁ ቁጥር አንዱ ከረባት አስሮ ይሾማል፣ ሌላዋ የምስክር ወረቀት ይዛ ትስቃለች፣ ሦስተኛው ስለ ስኬት ይሰብከኛል። ስለ አንዲት ብሎን እንኳ የሚያወራ የለም። እኔን የሚጠቅመኝ ደግሞ የብሎኗ ወሬ ነበር።

ታላቅ እህቴ እትዬ ነገሩን በራሷ መንገድ ልትቋጨው ፈለገች።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘሽ ባለቤቴ ሱቅ ትገቢያለሽ። ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። የኔ እጅ የለመደው ግን መፍቻ ነው።»

«እጅሽማ የለመደው ስልክ ነው!»

እልህ ያዘኝ። በማግስቱ ጠዋት ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ገጹን እንደ ቆሸሸ ማሽን ማጽዳት ጀመርኩ። ደንቤ አጭር ነው፦ በየቀኑ አሥር ጉረኛ ከምከተላቸው ሰዎች ይወጣል፣ የእጁን ሥራ የሚያሳይ አንድ ሰው ይገባል። «በታላቅ ደስታ» ያለ፣ አጎቴም ቢሆን ምሕረት የለውም። አጎቴም ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት እሱን አገኘሁት። በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ የቀዝቃዛ ክፍሉ ኃላፊ ነው። የለጠፈው የተቃጠለ የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ፎቶ ሲሆን ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሁለተኛዬ ነው። የት እንደተሳሳትኩ የሚነግረኝ አለ?»

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። «ጥፋቱ ኮምፕረሰሩ ላይ አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት። «ጥግ ላይ የደረደሯቸውን ባዶ ሳጥኖች ይመልከቱ። ማሽኑን አፍነውታል፤ ሙቀቱን በየት በኩል ያስወጣ?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰ። «ሳጥኖቹን ያስደረደርኩትም እኔው ነኝ። አፈርኩ።»

«ማፈሩን ይተዉና ሳጥኖቹን ያንሱ።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እሱም እኔም አንድ አንድ ስህተታችንን መለጠፍ ጀመርን። እኔ በተገላቢጦሽ ዞሮ እንዲነፍስ አድርጌ ስለገጠምኩት ማራገቢያ ጻፍኩ፤ እሱ አንድ ሌሊት ሙሉ ክፍት ስላደረ በር። ሌሎች ጠጋኞችም ተከተሉን። ያ የከረባት ገበያ ወርክሾፕ ወርክሾፕ መሽተት ጀመረ። ማክሰኞን የምጠብቀው ለትምህርቱ ነው እያልኩ ራሴን አሞኝ ነበር።

አዲሱ ኮምፕረሰር ሲገጠም መጥቼ እንዳየው ጠራኝ። ነጭ ቱታና ቦት ጫማ አድርጎ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሳጥኖቹ ተነስተዋል። በቦታቸው ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም «እዚህ ምንም አይቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል። የተናገርኩትን ከቁም ነገር ቆጥሮ መሬት ላይ የጻፈልኝ ወንድ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ጎንበስ ብለን የማሽኑን ድምፅ አዳመጥን።

«ይሰማዎታል? አሁን አያቃስትም» አልኩት።

«ይሰማኛል» አለ። የሚያየው ግን ማሽኑን አልነበረም። «አንቺ ልበልዎት?» አለኝ።

«ዘገየህ» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኬን ስከፍት ከአለቃው ጋር ተጨባብጦ አየሁት። ከረባት አስሯል! «በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ፤ ክፍላችን የዓመቱን የጥራት ሽልማት አሸነፈ…» ይላል። ደሜ ፈላ። ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ፣ ከረባቱን ያሰረው እሱ! ማስወጣት አነሰኝና አገድኩት። ደንብ ደንብ ነው። ከዚያ አለቀስኩ፤ ስለ ለቅሶ ደንቡ የሚለው ነገር የለም።

የወሩ የመጨረሻ ቀን አርብ ዋለ። የሱቁን ቁልፍ ተቀብዬ ልወጣ ስል እትዬ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ያ የነገርሽኝ የወተቱ ሰውዬ የሚያወራው ስላንቺ ነው እንዴ?»

«ስለ ከረባቱ ነው።»

«እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?»

አላነበብኩትም። ገጹ ሁለት መስመር ብቻ አሳይቶ ቀሪውን «ተጨማሪ አንብብ» ከሚለው ሥር ይደብቀዋል። እትዬ ግን የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ሳትጨርስ የማትተው ሴት ናት። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

«…ሽልማቱ የሚገባው ግን ለእኔ ሳይሆን ከአንድ ፎቶ ጥግ ጥፋቴን ላየች ባለሙያ ነው። ከረባት ያሰርኩት አለቃዬ የጥገና ክፍል እንዲከፍት ለመለመን ነበር፤ ተሳክቶልኛል። የሠራተኛ ምዝገባው የሚዘጋው የወሩ መጨረሻ አርብ ስድስት ሰዓት ነው። እባክሽ ነይ።»

እትዬ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፌን መልሺ። ምን ትጠብቂያለሽ? አምስት ሰዓት ሊሆን ነው!»

የመፍቻ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ቢጫው ጽሑፍ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«አገድሽኝ» አለ።

«"በታላቅ ደስታ" አልክ።»

«እውነቴን ነበር እኮ።»

አፈርኩ፤ ማፈሬንም አየብኝ።

«ማመልከቻዬን ላንተ ልስጥህ?»

«ለእኔ አይሆንም፣ የሚገባው ሁለተኛ ፎቅ ነው። እኔ ከፈታኞቹ ኮሚቴ ወጥቻለሁ።»

«ለምን?»

«ስለምወድሽ። ለኮሚቴውም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ፈተናው የተበላሸ ማሽን መጠገን ነበር፤ ሦስት ሰው ተወዳደርን፣ እኔ አለፍኩ። ከፈተናው ስወርድ በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። እጄ በግራሶ ቅባት ቆሽሿል አልኩት፤ አልሰማኝም፣ ያዘኝ።

ማክሰኞ ቀድሜ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። አጠገቤ ተቀምጦ እያየኝ ጻፍኩ፦

«የዚህ ሳምንት ስህተቴ፦ የምወደውን ሰው ሁለት መስመር አንብቤ አገድኩት። ጥገናው ተጠናቋል። በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ።»

የመጀመሪያውን ላይክ ያደረገልኝ አጎቴ ነው።