ትንፋሽ ያጣው ኬብል

ሟቹ የገዛ ጀልባው ሸራ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ ምንም አልሆነም፣ ቆቡን ቢያደርጉለት አሁን ተነስቶ የሚቆጣ ነው የሚመስለው። ከደረቱ በታች ግን በሁለት ብርድ ልብስ ሸፍነውታል፣ ሁለቱም ቀልተዋል። ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ ገለጥ አደረገች፣ አየች፣ መልሳ ሸፈነች። ከዛ ፀጉሯ ውስጥ የሰካቻትን እርሳስ አውጥታ ያዘች። ምንም አልጻፈችም፣ እንዲሁ የምትጨብጠው ነገር ስለፈለገች ነው። በዚችው እርሳስ የተነሳ ጣቢያ ውስጥ «እትዬ እርሳስ» ነው የሚሏት። ከጀርባዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

«ነገሩ አልቋል» አላት የጣቢያው አዛዥ ሰዓቱን እያየ። «አንቺን የጠራሁሽ ለፊርማ ነው።»

አልቋል ያለውም እንዲህ ነው። ሟቹ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከዛች ነጭ ቆቡ የተነሳ ሰው ሁሉ አድሚራሉ ይለው ነበር። ያለችው ደግሞ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ናት፣ ያለ ነፋስ ለመውጣትና ለመግባት ብቻ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ሞተር የተንጠለጠለባት። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ያስነሳል፣ ማርሹን ፍሪ ላይ ይተወዋል፣ ከዛ ራሱ ውሃው ውስጥ ይገባና የጀልባዋን ጭራ በእጁ ይገፋል። ውሃው እዛ ጋ ደረት ነው የሚደርሰው። ሞተር እየሠራ ኋላ አትቁም ያላለው ሰው የለም። እሱ ግን ካርታ አንባቢ ነኝ እያለ ያላግጥባቸው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ጠዋትም ጭራውን ገፋ፣ ጀልባዋ ከምትታሰርበት የኮንክሪት መቆሚያ ለቀቀች፣ ሞተሩን ይዞ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ማርሹ በራሱ ኋላ ገባ። ጀልባዋ ከነሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ በላዩ ላይ መጣች።

«ማርሽ በራሱ ይገባል እንዴ?»

«ኬብሉ ተወጥሮ ጎተተው። አዲስ ኬብል የዘረጋለት ደግሞ መካኒኩ ነው፣ ሰኞ። ይዘነዋል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማ መኪና ይመጣል፣ ይወስዱታል።»

«አመነ?»

«እሱ እኮ ነው የሚገርመው። ሳይጠየቅ አመነ።»

ኢንስፔክተሯ ይሄ ነገር አልጣማትም። ጥፋተኛ ሰው መጀመሪያ ይክዳል፣ ሁለተኛም ይክዳል፣ ሦስተኛ ላይ ነው የሚደክመው። ሳይጠየቅ የሚያምን ሰው ወይ ጅል ነው፣ ወይ ራሱን መጠርጠር የጀመረ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነበር። መካኒኩ ጣቢያው ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ስር ደብቋቸዋል፣ ልክ እንደተቀጣ ልጅ። ድመቱ ነው የሚሉት፣ ውሃ ስለሚፈራ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ አንድ ቀን ተንሳፋፊ ጀልባ ላይ እግሩን አስቀምጦ አያውቅም! በሩ ጋ ደግሞ ሚስቱ ጨቅላ ታቅፋ ቆማለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እዛው ናት።

«ልጅህን አልያዝካትም?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«በዚህ እጅ?»

እሱ ራሱ ቀጠለ። ልጅቷ ከተወለደች አስራ አንድ ቀኗ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም፣ ሰኞ የሠራውን ሲያስበው ጭጋግ ነው። አሰረው፣ በምን አሰረው፣ እንዴት አሰረው፣ ምንም አይታየውም።

«እሺ ሰኞን ተወው» አለችው። «ሁልጊዜ እንዴት ነው የምትሠራው?»

ይሄኔ ፊቱ ትንሽ ተፈታ። ሁለት ኬብል ነው ያለው፣ አንዱ ለማርሽ አንዱ ለነዳጅ። ከመንጃው እጀታ ተነስተው በመቀመጫው ስር ያልፋሉ፣ ከኋላ ያለችው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ በቀዳዳ ወጥተው ሞተሩ ላይ ይያያዛሉ። ሞተሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይዞራል፣ ወደ ላይም ይነሳል።

«ስለዚህ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረዋለሁ፣ ወደ ግራ አዞረዋለሁ፣ አነሳዋለሁ። ከዛ ነው የማስረው፣ ሰም በተነከረ ክር፣ ላላ አድርጌ። ትርፍ እተውለታለሁ። እኔ ትንፋሽ ነው የምለው። ኬብል ትንፋሽ ካጣ ማርሹን ይጎትታል።»

«ይሄን ነገር ለማን ለማን ነግረሃል?»

ለሁሉም ነበር። እሁድ አድሚራሉ ቤት ምሳ ጠርተውት ስለ ሥራው ሲጠይቁት እጁን እያወናጨፈ አስረዳቸው፣ እነሱም ሳቁበት። ድመቱ ኬብል ያስተነፍሳል ብለው። እዛ የነበሩት የአድሚራሉ ሚስት፣ አብሮት ሸራ የሚያነሳው ጓደኛው ጥርስ ሀኪሙ፣ እና ታናሽ ወንድሙ ኤሌክትሪሻኑ ናቸው።

ኢንስፔክተሯ ቀጥታ ወደ ጀልባዋ ሄደች። ጀልባዋን መልሰው እንደወትሮው በቀኝ ጎኗ ኮንክሪቱን አስጠግተው አስረዋታል። ጫማዋን አወለቀች፣ በሆዷ ተኛች፣ ጭንቅላቷንና አንድ እጇን ያቺ ሳጥን ውስጥ ከተተች። አዛዡ ከላይ ሆኖ እግሯን ብቻ እያየ ይቁነጠነጣል። ውስጥ ነጫጭ ፕላስቲክ ማሰሪያዎች አየች፣ አራት። ኬብሉን ከግድግዳው ጋር ጥፍንግ አድርገው ይዘውታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ በማስመሪያ የታጠፈ ነው የሚመስለው። ስታየው ያምራልኮ፣ ችግሩ እሱ ነው! በጥፍሯ ኬብሉን ፋቅ ስታደርገው የሚያጣብቅ ነገር ወጣ። አሸተተችው፣ ሰም።

ተነስታ ሞተሩን ወደ ግራ አዞረችው። ኬብሉ ልል ነው። ወደ ቀኝ ስታዞረው ደግሞ ጀልባ እንዳይጋጭ ኮንክሪቱ ላይ የተንጠለጠለው ጎማ ያዘው፣ አልሄድ አለ። አዛዡን የጀልባዋን ጭራ በገመድ ሳብ አድርጎ ከጎማው እንዲያርቅላት ለመነችው፣ እያጉረመረመ ሳበ። አሁን ሞተሩ ወደ ቀኝ ዞረ። ኬብሉ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ከዛ ቀጭ አለ። ማርሹ ገባ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ምንም አልሆነም፣ ሁለቱም ግን ደንግጠው ውሃውን አዩት።

የአድሚራሉ ሚስት ቤቷ ነጩን ቆብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የጠበቀቻት። ጠዋት ኮንክሪቱ ላይ ሆና ገመድ የያዘችው እሷ ናት፣ ሁሉንም አይታዋለች፣ አሁንም ገመዱ እጇ ላይ ያለ ይመስል መዳፏን እያሸች ነው የምታወራው። ጀልባዋ ማክሰኞ ውሃ ከገባች ወዲህ ማን ማን ወጣባት ስትባል ሦስት ሰው ቆጠረች፣ ሁሉም ረቡዕ ከሰዓት። እሷ ልታጸዳ፣ ሀኪሙ ሸራ ሊሰቅል፣ ወንድምየው የተዋሰውን ገመድ ሊመልስ።

ጥርስ ሀኪሙ አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ረቡዕ ሸራውን ገና ስጀምር ገመዱ ልጦኝ ነው፣ ሳልሰቅለው ተመለስኩ አለ። ሰው ሲደነግጥ ዝም ይላል፣ ይሄ ደግሞ ወሬው አያልቅም። መሪውን ማን ይይዛል እያሉ ከሟቹ ጋር ሁሌ ይጣሉ እንደነበር ሳትጠይቀው ነገራት፣ ከዛ ለምን ነገርኳት ብሎ ላብ አጠመቀው። እሷ ግን ፋሻውን ፍታልኝ አለችው። ቁስሉ ሰፊ ነው፣ ጣቱ አብጦ አይታጠፍም። በዚህ ጣት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ማሰሪያ ማጥበቅ ቀርቶ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አይቻልም።

ወንድምየው ቤት መጨረሻ ሄደች። በሩ አጠገብ አንድ ጥንድ ቢጫ ጫማ አለ፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ጫማ። ግድግዳው ላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ አለ፣ እየሳቀ።

«ልጅዎ ነው?»

«ነበር» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ከአጎቱ ጋር ወጣ፣ አጎቱ ብቻውን ተመለሰ። የመንሳፈፊያ ጃኬት አላለበሰውም። ጎበዝ ዋናተኛ ነው ብሎ።»

«ይቅር አሏቸው?»

«ወንድሜ እኮ ነው እህቴ።»

ይሄ መልስ ነው? አይደለም። እሷም አልገፋችውም። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆጣሪው ጋ ቆም አለች፣ ጫማዋን የምታስር መስላ። ሽቦዎቹን አየቻቸው። እርሳሷን ወደ ፀጉሯ መለሰች። እንደዛ ካደረገች በቃ፣ ጨርሳለች ማለት ነው።

አስር ሰዓት ላይ ሁሉንም የድመቱ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። የአድሚራሉ ሚስት ወንበር ላይ፣ ሀኪሙ የዘይት በርሜል ላይ፣ ወንድምየው በሩን ተደግፎ፣ ድመቱ መሬት ላይ እጆቹን እንደደበቀ። አዛዡ ሰዓቱን አየ። እሷ በእርጋታ ጀመረች።

«ኬብሉ ወደ ግራ ሲዞር ልል ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይወጠራል። ስለዚህ ያሰረው ሰው ሞተሩ ወደ ግራ ዞሮ ሳለ ነው ያሰረው። ለምን? ቀኙን ጎማው ስለያዘበት። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ጎማ የለም፣ ኮንክሪት የለም። ኬብሉ የታሰረው ውሃው ላይ ነው፣ ማክሰኞ ጀልባዋ ከወረደች በኋላ።»

«ድመቱ ሄዶ አስተካክሎት ቢሆንስ?» አለ ሀኪሙ።

አዛዡ ራሱ ነው የመለሰለት። «ይሄ? ጀልባ ስትወርድ እኮ አስራ አምስት እርምጃ ርቆ ነው የሚያየው።»

«ኬብሉ ላይ ደግሞ ሰም አለ» ብላ ቀጠለች። «ድመቱ ሰኞ እንደ ልማዱ በክር አስሮት ነበር። ሰው ክሩን ቆርጦ ወስዶ ፕላስቲክ አሰረበት። ለመግደል የምትበቃው አንዷ ብቻ ናት፣ ከቀዳዳው አጠገብ ያለችው። ሰውየው ግን አራት አሰረ። ቀኑን ሙሉ ያቺን ነገር ነው ሳስብ የዋልኩት። ተደብቆ፣ ልቡ እየመታ፣ ሰው ይመጣብኛል እያለ ለምን አራት ያስራል?»

ጥያቄዋን ራሷ መለሰችው።

«በስንዝር በስንዝር ነው ያሰረው። የአራቱም አንገት፣ መቆለፊያው ማለቴ ነው፣ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጭራቸው በፒንሳ ተላጭቷል። ጥጉ ላይ ቀጥ ብሎ ታጥፏል። የሚንቀሳቀስ ኬብል የሚያውቅ ሰው እንደዛ አያጥፍም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የማይንቀሳቀስ፣ እሱ ነው እንደዛ የሚታሰረው። ሽቦ አንጠልጥሎ ትቶ መሄድ የማይችል እጅ ነው። ያንን እጅ ዛሬ አንድ ቆጣሪ ስር አይቼዋለሁ፣ ስንዝሩም አንገቱም አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ኤሌክትሪሻኑ ለመሸሽ አልሞከረም። እጆቹን አነሳና አያቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«አራት ነበሩ እንዴ?» አለ። «እኔ አንድ መስሎኝ።»

ከዛ ቀስ እያለ ተናገረ። ከእሁዱ ምሳ በኋላ ወንድሙ የኤሌክትሪሻኑን ትንሿን ልጅ በሚቀጥለው እሁድ በጀልባ እወስድሻለሁ ብሏት ቃል ሲገባላት ሰማ። በልጅቷ ፊት እንቢ አለው፣ አድሚራሉ ሳቀ። ጎበዝ ዋናተኛ ናት አለ። እሷኑ ቃል። ልጁን ያስበላችውን ቃል።

«ሁለተኛዋንም ሊወስድብኝ ነው። ሰው ቢናገረው አይሰማም። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሚስትየው ቆቡን ጨብጣ ተነሳች። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

«ረቡዕ አመሻሽ ልጅቷ ጋ ደውሎላት ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አልወስድሽም አላት፣ አባትሽ ልክ ነው፣ ከእኔ ጋር አትወጪም አላት። አለቀሰች። እሱም ስልኩን ሲዘጋ አለቀሰ። ላንተም ጠዋት ሊነግርህ ነበር።»

ረቡዕ አመሻሽ። ማሰሪያዎቹ የታሰሩት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ኤሌክትሪሻኑ በሩን ተደግፎ እንደቆመ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ፣ የቢጫውን ጫማ ባለቤት፣ ልጁን፣ ማን ያያታል ብሎ ጠየቀ። እኔ አያታለሁ አለች የወንድሙ ሚስት፣ ዓይኑን ሳታየው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ፣ እሱን ወሰደ።

ድመቱ ግን አሁንም መሬት ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሰሙ እዛው አለ» አለችው። «ትንፋሹን ትተህለት ነበር። እጅህ ተኝቶም ሥራውን ያውቃል።»

ተነሳና ወደ ውጭ ወጣ። ሚስቱ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፣ አቧራ ለብሳ፣ ደክሟት። እጆቹን ዘረጋ። ሕፃኗን ተቀበላት፣ አያት፣ ከዛ መጠቅለያዋ ውስጥ ሌባ ጣቱን ገባ አድርጎ ደረቷ ጋ ትንሽ አላላላት።