ለእማማ ትሁኔ ያስተረጎመበት ዕለት

ኤሊያቭን መጀመሪያ የወደዱት የስታቭ እናት እማማ ትሁኔ ናቸው፤ ስታቭ ራሷ ኋላ ነው የደረሰችው።

አንድ ዓርብ ረፋድ በእስራኤል፣ በኔታንያ ገበያ ቲማቲሙን እያገላበጠ ሲመርጥ፣ ከጎኑ የቆሙ ባለ ነጠላ ሴትዮ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ቲማቲም ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት?»

«ሚስትማ ብትሆን ይህን ያህል አልቆይም ነበር፣ እማማ።»

«ኧረ ወዲያ! መቆየትስ ለሚስት ነው!» ወደ ኋላቸው ዞሩ። «ስታቭ፣ ነይ እስቲ ይህን ጉድ እዪ!»

ስታቭ መጣች። ሁለቱም ለሰላምታ አፋቸውን ከፈቱ፤ ተያይተው ሰላምታውን ረሱት። እማማ ትሁኔ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩና የሽንኩርቱን ከረጢት ለኤሊያቭ አሸከሙት።

ኤሊያቭ ራማት ፖሌግ የተባለ ሰፈር አጠገብ ባለ ቤተ ሙከራ ጀማሪ ተመራማሪ ነው። የካንሰር መድኃኒት ይሆናሉ ተብለው የሚታሰቡ ውህዶችን በትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ላይ ባደጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ከዚያ ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ እንደተረፈ ያያል። የትኛው ሳህን ውህዱን እንዳገኘ ግን ባልደረባው ያሪቭ ይደብቅበታል። የተመኘውን ሳይሆን ያለውን እንዲያይ ነው።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ አፍጥጠህ ውለህ ‹አልሠራም› ብለህ ትመጣለህ?» አለችው ስታቭ፣ ከተዋደዱ በኋላ አንድ ቀን ከባሕሩ በላይ ባለው መናፈሻ ተቀምጠው።

«አብዛኛውን ቀን።»

«እኔ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑን በመስኮት እወረውረው ነበር።»

«ለዚህ ነው አንቺን የማልቀጥርሽ፣ ነሻማ፣ የኔ ነፍስ።»

ሳቀችና ራሷን ትከሻው ላይ አስደገፈች።

የኔታንያ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ በየካቲት፣ እማማ ትሁኔን ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ስታቭና ወንድሞቿ ተመካከሩ። በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም፤ ሰውን ከቀኑ በፊት ይገድለዋል ይላሉ። ስለዚህ እማማ «የጨጓራ ቁስለት ነው» ተባሉ። ዕብራይስጥ ስለማይሰሙ የሐኪም ቤቱን ነገር ሁሉ የሚያውቁት በስታቭ አፍ ነበር። ኤሊያቭ ነገሩ ባይጥመውም አፉን ያዘ፤ የሱ እናት አይደሉም።

አንድ ማክሰኞ ስታቭ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት መውጣት አልቻለችም።

«ሐኪም ቤት አንተ ውሰዳት» አለችው በስልክ። «የሚሉህን ስማ፤ ምን እንደምትላት ታውቃለህ።»

«እሺ» አለ።

ዶክተር ዲክላ ግን ከእሱ የፈለገችው ወሬ እንዲያደርስላት አልነበረም። «አንድ ከባድ ሕክምና አለ» አለች በዕብራይስጥ። «ዕድሜ የሚጨምረው ለጥቂቶች ነው፤ ሥቃዩ ግን ለማንም አይቀርለትም። ትፈልግ እንደሆነ ጠይቅልኝ። የምትወስነው እሷ ናት።»

«ምን አለች፣ ልጄ?» አሉ እማማ ትሁኔ።

ኤሊያቭ ወለሉን አየ። ጥያቄውን ወደ ቁስለት ሊያዞረው ሞከረ። አልጋ ላይ ለሚጥል መድኃኒት «እሺ» የሚል ቃል በውሸት ከአፋቸው ማውጣት ግን አልሆንልህ አለው። እማማ ትሁኔ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት።

«የሚጠየቀው የኔ ገላ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ንገረኝ።»

ነገራቸው።

እማማ ትሁኔ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እግዜር ይስጥልኝ በላት። ግን ይቅርብኝ። ቤቴ ውሰደኝ» አሉ።

ስታቭ ስትሰማ ደጅ ላይ ያዘችው።

«አንድ ነገር ነው የለመንኩህ!»

«ስታቭ፣ ምርጫው የሳቸው ነበር።»

«ባትነግራት እሺ ትል ነበር! ምናልባት ይሠራላት ነበር!»

«ምናልባት።»

«ታዲያ?»

«ላይሠራም ይችላል።»

«ዲ! በቃ! እናቴ ሳህን አይደለችም!»

እማማ ትሁኔ በቀራቸው ጊዜ ዘመድ አስጠሩ፤ ከተቀያየሟቸው ጋር ታረቁ፤ ቀሚሶቻቸውን በየስሙ አከፋፈሉ። ግንቦት ላይ ከሚውለው የሻቩኦት በዓል በፊት አረፉ። ለቅሶ ቤት ኤሊያቭ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ስታቭ ከፊት ለፊቱ ሆና አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ መሀል ከተማ ወዳለው ቤቷ በር እንዲመጣ ደወለችለት።

«አልጠላህም» አለች። ከስታ ነበር። «ደግ አደረገ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እናቴ ከሁሉም ጋር ስትታረቅም አይቻለሁ፤ ዕውር አይደለሁም። ግን አንተን ሳይ ያ የሐኪም ክፍል ይመጣብኛል።»

«እጠብቃለሁ።»

«አትጠብቅ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አዎ ካልከኝ አብረን እንግባ።» እጁን ያዘች። «የራስህ እናት ብትሆን ኖሮ፣ ትነግራት ነበር?»

ኤሊያቭ እናቱን አሰበ። በዚህ ሰዓት ከጽዳት ሥራዋ በአውቶቡስ እየተመለሰች ይሆናል፤ መስኮቱን ተደግፋ፣ አሸልቧት። እዚያ ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። «ምን አለች?» ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

የስታቭ ጣቶች እጁን አጥብቀው ይዘው ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ።

ጣቶቿ ቀስ ብለው ላሉ። ገብታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ዝግ ብላ ነበር የምትወጣው፤ ቢጠራት የምትሰማበት ያህል ዝግ ብላ። «አዎ» ቢላት እንደምትመለስ ያውቃል። አፉን ከፈተ። የላይኛው በር እስኪዘጋ ድረስ ቃሉ አልመጣለትም።