ከመንገድ የሚታይ መደብ

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው እንጂ! እንግዶቹ ፊት ዱብ ቢል ምን ይውጠኛል?»

አባቷ እንዳዘዟት ያምሮት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀዩን ቲማቲም ከግንዱ ጋር አሰረችው። ቲማቲሙ ትናንት ከቡሬ ገበያ የተገዛ ነው። የእነሱ ተክል ጥቂት አረንጓዴ ፍሬ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ጠዋት ቀና የሚለው ቅጠል ቀትር ላይ የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ይጠወልጋል።

አምና እዚሁ መደብ ላይ የተተከለው በርበሬም እንዲሁ ነበር ያለቀው። በርበሬና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ በሽታ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሌላውን ይይዛል። ያምሮት ይህን ከትምህርት ቤቱ የግብርና ክበብ ሰምታ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ ከቤቱ ጀርባ እንትከል» ብላ ለምና ነበር።

«ከጀርባ ማን ያይልኛል?» አሏት አባቷ አቶ አስናቀው። ሞዴል ገበሬ ከተባሉ ወዲህ ሥራቸው ሁሉ ከመንገድ እንዲታይ ይፈልጋሉ።

እንግዶቹ ከወረዳ መጡ። በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ አጨበጨቡ። እጁን ሰዶ አንዲት ፍሬ የነካ አልነበረም። አቶ አስናቀው ልባቸው አበጠና፣ «ከመደቡ ጥግ ያፈላሁትን ችግኝማ ለጎረቤቶቼ አካፍላለሁ! ለእናኑ ዛሬውኑ እሰጣታለሁ!» አሉ። እናኑ ባሏ የሞተባት፣ ከጓሮዋ በቀር እርሻ የሌላት ጎረቤታቸው ናት። እዚያው ቆማ ነበርና በደስታ እልል አለች።

እንግዶቹ እንደሄዱ ያምሮት አባቷን ተከትላ ገባች።

«አባዬ፣ ችግኙ የበቀለው እኮ እዚያው አፈር ላይ ነው። ለእትዬ እናኑ በሽታ መስጠት ይሆንብናል።»

«ቃሌን በሰው ፊት ሰጥቻለሁ።»

«ቢደርቅባቸውስ?»

«ቢደርቅባት፣ እጇ አይባረክም ይባላል። በቃ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የአቶ አስናቀው ግን ለማደርም ጊዜ አላገኘም። ያምሮት በአባቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የእናኑ ልጅ ሰብሊ ቅርጫት ይዛ መጣች። ከያምሮት ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት።

«እናቴ መደቡን ስትቆፍር ነው የዋለችው። አባትሽ ግን አንደኛ ናቸው፣ ሙች!»

ያምሮት ተንበረከከች። አንድ ችግኝ ነቀለች፤ ግቢው ጥግ በሚነድደው ቆሻሻ ላይ ወረወረችው። ሌላም ነቀለች።

«ምን ነካሽ? ትፎግሪኛለሽ እንዴ?»

«በሽታ አለበት። አንዴ ጓሯችሁ ከገባ፣ ለዓመታት ቲማቲምም በርበሬም አታገኙም።»

«ስትዋሺ! መስጠት ካልፈለጋችሁ አንፈልግም በይ። ያ ሁሉ ቀይ ቲማቲም ከየት መጣ ታዲያ?»

ያምሮት ቀና አለች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። ይቆጣሉ ብላ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይለምናት ነበር። ከቁጣው ይልቅ ይሄ ከበዳት።

«ከገበያ» አለች። «በክር ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሊ አቶ አስናቀውን አንዴ ቀና ብላ አየቻቸውና አቀረቀረች። ባዶ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። አቶ አስናቀው ገብተው በሩን ዘጉ።

ያምሮት ልትከተላቸው ፈልጋ ነበር። ቀሪዎቹን ችግኞች አየቻቸው። እንደገና ተንበረከከችና መንቀሏን ቀጠለች።