ለስፌት ጥንካሬ ከሃያው ዘጠኝ

ልጅቷን ጨረታው ላይ የጣላት ሌላ ሰው አይደለም፤ ሊያገባት ቀን የቆረጠው ሰው ነው።

ውጤቱ ሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ጨረታው ለአራት ሺህ አንሶላ ስፌት ነው። በዋጋ አንደኛ ነች። ለስፌት ጥንካሬ ግን ከሃያው ነጥብ ዘጠኝ ብቻ ተሰጥቷታል። በሁለት ነጥብ ተበለጠች።

የተዋወቁትም በስፌት ነው። እሱ የሆስፒታሉ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው፤ የዛሬ ዓመት እሷ የሰፋችውን አንድ አንሶላ ይዞ የስፌት ሱቋ ድረስ መጣ። «ሁለት ሳንቲ ያንሳል» አላት። ለካችው፤ ያንሳል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው። ታላቅ እህቷ ያን ዕለት «ሜትሮ» ብላ ስም አወጣችለት፤ በዚያው ቀረ።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። እህቷ ከማሽኗ ቀና ሳትል፣ «ሜትሮ፣ ዛሬስ ስንት ሳንቲ አነስን?» አለችው።

በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ገምጋሚዎች የምናየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም ብለኸኝ አልነበር?» አለችው ልጅቷ።

«ነው። ግን ጠርዙን ሳየው አወቅኩት። እንዳንቺ ደርቦ የሚሰፋ የለም።»

«እና ለምን ዘጠኝ ሰጠኸኝ?»

«አሥራ ዘጠኝ ነበር የሚገባው።»

የሰፊዎቹ ማሽኖች አንድ በአንድ ቆሙ።

«ለእጮኛው ሰጣት እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«ስለዚህ የራሴን ቀማኸኝ።»

«ለኛ ብዬ ነው እኮ...»

«ለኛ አትበለኝ። ‹እጮኛዬ ተወዳድራለች፣ እኔን አውጡኝ› ማለት ምን ነበረው? ይቺን መናገር ከብዶህ እዚህ የምንሰፋውን ስድስት ሴት ሥራ ፈት አደረግክ። ያሸነፈውን አንሶላ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይተረተራል። በሽተኛ ነው የሚተኛበት።»

«የማይወድሽ ሰው ብታገኚ ኖሮ ይሄኔ አሸንፈን ነበር» አለች እህቷ። ማንም አልሳቀም።

ልጅቷ ወረቀት ሳበች። «አቤቱታ ላስገባ ነው። ስምህን እጽፋለሁ፤ ምን እንደሆንከኝም እጽፋለሁ። እኔም ገምጋሚ መሆንህን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።»

«ከሥራ ሊያባርሩኝ ይችላሉ።»

«ይችላሉ።»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ይዤው ስዞር ነበር። ካንቺው ጋር አስገቢልኝ።»

አነበበችው። ዘጠኙም አለ፣ ፍርሃቱም አለ፣ «እጮኛዬ» የሚለውም አለ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«የራስህን ራስህ አስገባ። እግር አለህ።»

«ሠርጉስ?»

«መጀመሪያ አንሶላው።»

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አቤቱታዋን ጽፋ ፈረመች። ደብዳቤውን እጁ ላይ መለሰችለት፣ ቦርሳዋን አነሳችና ቀድማው ወጣች።