የመምህሩ ጫማ

መርማሪ ኦክ ዱቾል ሰው ሞቷል ተብሎ ወደተጠራበት ቤት ሲደርስ ቀድሞ የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ጫማ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ ሰው በሌለበት አገር፣ የደጃፉ ድንጋይ ማን ቤት ውስጥ እንዳለ፣ ማን እንደወጣ ይናገራል። በዚያ የጥር ማለዳ በእማማ ፕዮ ሱንኔ የእንግዳ ማረፊያ፣ በሟቿ ክፍል ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። አንዱ የሟቿ ነው። ሌላው ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ የወንድ ቆዳ ጫማ ነው። የዚህ ጫማ ባለቤት፣ የሟቿ ባል መምህር ናምጉንግ ሆ፣ ግቢው መሃል በረዶ ላይ ለእግሩ የሰፋ የላስቲክ ቦቲ አጥልቆ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ነገሩ የሆነው ቤቱ ሁሉ ከወለሉ ሥር በሚነድ ከሰል በሚሞቅበት ዘመን ነው። የጥንቷን የነገሥታት ከተማ የግዮንግጁን ጥር የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። በጸደይ አበባ ተመልካች፣ በመከር ተማሪ ጭኖ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። የነገሥታቱ መቃብር ጉብታዎች በረዶ ለብሰው ዝም ይላሉ። እማማ ፕዮም ከአሥራ አንድ ክፍሎቿ ዘጠኙን ቆልፋ፣ የተገኘውን እንግዳ በሁለቱ ታስተናግዳለች።

«የከሰል ጭስ ነው ጌታዬ» አለ ቀድሞ የደረሰው አስር አለቃ። «በዚህ ብርድ ይህ አምስተኛው ነው። ወለሉ ተሰንጥቆ ይሆናል። የቤቱን ባለቤት በቸልተኝነት ይዘን ቤቱን እናሽግ።»

እማማ ፕዮ ይህን ስትሰማ የክፍሎቹን ቁልፎች ከወገቧ ፈትታ ጨበጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይኸው ግቢ ብቻ ነው።

«ወለሉን ባለፈው ወር በእጄ ለጥፌዋለሁ!» አለች። «አንዲት ስንጥቅ ካገኛችሁ ዛሬውኑ እሰሩኝ።»

«ማሰሩ አያመልጠንም፣ እትዬ» አለ ኦክ ለስለስ ብሎ። «መጀመሪያ ልይ።»

ባንግ ሚሶን ፍራሿ ላይ በጎኗ ተኝታለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ጉንጯ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል፤ የከሰል ጭስ እንዲህ አድርጎ ያሾፋል። አፏ ደረቅ፣ የሌሊት ልብሷ አንገትጌም ደረቅ ነው። ኦክ ጭስ እንዳያልፍ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳሰሰው፤ ስንጥቅ አላገኘም። ሲወጣ ከበሩ አጠገብ፣ በረንዳው ላይ፣ አንድ ሳህን አየ። እስከ አፉ የሞላ የፍጅል ውሃ ነው፤ ላዩ በስሱ በረዶ ሠርቷል። ጭስ ለመታው ሰው ከጋን የተቀዳ የኮመጠጠ የፍጅል ውሃ ማጠጣት እዚያ አገር ከሐኪም በፊት የሚደረግ ነገር ነው። ሐኪሞች አይረባም ቢሉም የሚሰማቸው የለም።

ኦክ ቤቱን ወደ ኋላ ዞረ። የሚሶን ክፍል ጭስ መውጫ ከጓሮው ግድግዳ ሥር የቆመ አጭር ነገር ነው፤ አፉ ላይ የጣሪያ ሸክላ ተጋድሞበታል።

«ይኸው!» አለ አስር አለቃው። «ከጣሪያ ወድቆ ደፈነው።»

«ጣሪያው ላይ የጎደለ ሸክላ አሳየኝ።»

አስር አለቃው ቀና ብሎ ቆጠረ፣ ደገመ፤ የጎደለ የለም። ኦክ ግድግዳው ሥር ወደተከመረው ትርፍ ሸክላ ሄደ። ክምሩ ላይ አንድ ስንዝር በረዶ አለ። በአንደኛው ጫፍ ግን በረዶው ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም።

«በረዶው የጀመረው ከሰዓት፣ ያቆመው ሌሊት ነው» አለ ኦክ። «ይህን ሸክላ አንድ ሰው ማታ በረዶው እየጣለ ሳለ አንስቶታል። አሁን ቀስ ብለህ ጻፍ።»

መጀመሪያ እማማ ፕዮን ወጥ ቤቷ ውስጥ አናገራት። ገበታው ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ሦስት የሩዝ ሳህን ቀርቦበታል።

«ትናንት ማታ ስንት እንግዳ አደረ?»

«ሁለት። ሚሶንና ጓደኛዋ ዮንጃ። መምህሩማ ፖሃንግ ከተማ አጎቱ ሞተውበት እራት ሳይቀርብ ሄዷል። በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ ብሎ ለሁላችንም ነግሮናል።»

«ታዲያ ሦስተኛው ሳህን የማን ነው?»

እማማ ፕዮ ገበታውን እንደ አዲስ አየችው። «የመምህሩ ነዋ። ሩዝ ሳጥብ ዮንጃ "መምህር! መምህር ናምጉንግ!" ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ደርሷል ማለት ነው ብዬ አንድ ጣሳ ጨመርኩ። ሩዙን ጥጄ፣ አጥሚቱን አማስዬ ስጨርስ ነው "ሚሶን ሞተች!" የሚል ጩኸት የሰማሁት። መምህሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

«ጫማውስ? ባለጫማው ፖሃንግ፣ ጫማው እዚህ።»

«እሱማ እኔ ነኝ። ትናንት ከጉብኝት ሲመለሱ ጫማው ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል። በዚህ ለቅሶ ቤት አይኬድም ብዬ የሟቹን ባሌን ቦቲ አዋስኩት። ጫማውን ምድጃ ዳር አደረቅሁት፣ ወለወልኩት። ዛሬ ሲነጋጋ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አኖርኩለት፣ ሲመጣ እንዲያገኘው። እንግዳ በሌለበት ወር ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ኦክ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆሮውን መቧጨር ያዘ። የሚያውቁት ሰዎች ጆሮውን ሲቧጭር ነገር እንደገባው ያውቃሉ።

መምህር ናምጉንግ የሚናገረው እየተቆራረጠ ነው። ለቅሶ ቤት ማደሩን ሠላሳ ሰው ይመሰክራል።

«ከሚስትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ትንሽ። ቅናተኛ ናት... ነበረች። ዮንጃ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችልኝን ካፖርት እንኳ አታስለብሰኝም።»

«ታዲያ ለምን ይዛት መጣች?»

መምህሩ ከኪሱ ያረጀ ፎቶግራፍ አወጣ። ሦስት ልጆች በተማሪ ልብስ ከከተማው ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ ፊት ቆመዋል፤ እሱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች ግራና ቀኝ። «የተዋወቅነው እዚህ፣ በትምህርት ቤት ጉዞ ነው። ሚሶን ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ቆመን ፎቶ ደግመን እንነሳ አለች። በዚህ ወር ሰው የለም፣ ቦታው የኛ ነው አለች።»

«ትናንት ተነሳችሁ?»

«ተነሳን። እኔና ሚሶን።»

«ሦስተኛዋስ?»

«ዮንጃማ ካሜራውን ያዘች።» መምህሩ ጥያቄው የገረመው ይመስላል። «ሚሶን ናት የሰጠቻት። "አንቺ ያዢልን፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም" አለቻት።»

ኦክ ፎቶግራፉን መለሰለት። ደግ ሰው ነው፤ ዓይን ግን የለውም።

ቾን ዮንጃ ክፍሏ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው። አላለቀሰችም። ጣቶቿ ቀጭን፣ ጫፋቸው በመርፌ የተበሳሳ ነው።

«ሚሶንን እንዴት አገኘሻት?»

«ለቁርስ ልቀሰቅሳት ሄድኩ። በሩን ስከፍት ጭሱ አፈነኝ። ሮጬ የፍጅል ውሃ ቀዳሁ። ስመለስ ግን አልቆላታል።»

«ለዚያ ነው ሳህኑን ያስቀመጥሽው።»

«ለሞተ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ትዋደዱ ነበር?»

«እንደ እህት።» ፈገግ አለች። «እህትማማቾች አይቀናኑም የሚል ሰው እህት የለውም፣ ጌታዬ።»

ኦክ ከክፍሏ ወጥቶ ግቢውን ጥግ ጥጉን እየተራመደ በረዶውን መረመረ። ከውጭ በር እስከ ሚሶን ደጃፍ ያለው መንገድ በሰው እግር ታምሷል፤ ከዮንጃ ክፍል እስከ ፍጅሉ ጋኖች ያለውን በኩል ግን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልረገጠውም። እዚያ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም እማማ ፕዮ ክፍል ሰበሰበ። ወለሉ ሞቋል፤ ማንም ግን ካፖርቱን አላወለቀም። እማማ ፕዮ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ቁልፎቿን ጨብጣለች።

«የሚሶንን ጭስ መውጫ ሰው ደፍኖታል» ብሎ ጀመረ ኦክ። «ማታ ነው የደፈነው፤ የሸክላው ክምር ይመሰክራል። እትዬ ፕዮ ልትደፍነው ትችላለች?»

«እኔ?» አለች እማማ ፕዮ።

«አትችዪም። ጭስ ሰው ቢገድል የምትታሰሪው አንቺ፣ የሚታሸገው ቤትሽ ነው። መምህሩም ፖሃንግ ነበሩ። ወይዘሪት ቾን ትቀራለች። እሱ ግን ጥርጣሬ ነው፤ ለጥርጣሬ ሰው አላስርም። ስለዚህ ስለ ማለዳው እንነጋገር። ወይዘሪት ቾን፣ መጀመሪያ በሩን ከፈትኩ፣ ከዚያ ወደ ጋኑ ሮጥኩ ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«በረዶው ሌላ ይላል። ወደ ጋኖቹ የሚሄድ አንድ መስመር የእግር ዱካ ብቻ ነው ያለው። ከሚሶን ደጃፍ አይነሳም። ከአንቺ ክፍል ቀስ እያለ ይመጣል፣ ወደ ግቢው መሃል ሲቃረብ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ወደ ጋኖቹ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጀምሮ ተረከዝ የለውም፣ ሩጫ ነው። ከጋኑ ወደ ሚሶን በር ይሄዳል። በሩ ሳይከፈት መድኃኒቱን ቀድተሻል። በወረቀት ከተለበጠው በር ጀርባ ጭስ እንዳለ በምን አወቅሽ?»

ዮንጃ የተበሳሱ ጣቶቿን አየች።

«የደፈንሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ግን ይህ ራሱ አስቸገረኝ። የገደለ ሰው ለምን ያድናል? እትዬ ፕዮ በሰማችው ጥሪ ገባኝ። በሩ ላይ የጠራሽው "ሚሶን" ብለሽ አልነበረም፤ "መምህር ናምጉንግ" ብለሽ ነው። ፖሃንግ ያለ ሰው ከሚሶን ክፍል እንዴት ይጠራል?» ኦክ ከኋላው የቆዳውን ጫማ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «ማታ ጭስ መውጫውን ስትደፍኚ ይህ ጫማ ደጃፉ ላይ አልነበረም። ወጥ ቤት ይደርቅ ነበር። ሲነጋ እትዬ ፕዮ አወጣችው። አንቺ ከክፍልሽ ወጥተሽ ወደ ግቢው መሃል ስትቃረቢ ታየሽ። ሌሊት ተመልሶ ገብቷል፣ ከእሷ ጋር ተኝቷል፣ እየሞተ ነው ብለሽ ሮጥሽ።»

መምህሩ ጫማውን አየ፣ ዮንጃን አየ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እሷን እንደዚያ ያያት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

«ዮንጃ? ለእኔ ብለሽ?»

«ዝም በል!» አለች ዮንጃ፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አሁን ነው የምታየኝ?»

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለ ኦክ። «ከጥሪሽ እስከ ጩኸትሽ እትዬ ፕዮ ሩዝ ጥዳ አጥሚት አማስላለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሳህኑ ሙሉ ሆኖ በረንዳ ላይ ነበር። አንገትጌዋ ላይ ጠብታ የለም። በሩን ስትከፍቺ ሚሶን ሞታ ነበር?»

ዮንጃ እጆቿን ጭኗ ላይ አነጠፈች። እውነትም አይንቀጠቀጡም።

«ከፍቼ አየሁ። እሱ የለም። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ትንፋሿን ሳበች። «እሷ ትተነፍስ ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። የእሱን ስም ነበር የምትጠራው። የእኔን ጠርታ ቢሆን ሳህኑን አነሳው ነበር። አነሳው ነበር መሰለኝ። በሩን መልሼ ዘጋሁና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።»

አስር አለቃው መጻፉን ረስቶ ብዕሩን ይዞ ቀረ።

ዮንጃን ሲወስዷት እማማ ፕዮ ኦክን ደጃፍ ላይ ያዘችው። «ጫማውን ባላወጣው ኖሮ እሷም አትሮጥም ነበር፣ አይደል ጌታው?»

«አትሮጥም ነበር። ለቁርስ እስክትጠሪያቸው ጠብቃ ከአንቺ ጋር ታለቅስ ነበር። እኛም ጭስ ነው ብለን አንቺን ወስደን ቤትሽን እናሽግ ነበር።»

እማማ ፕዮ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ መልሳ አሰረች። ከዚያ የቆዳውን ጫማ ይዛ ወደ መምህሩ ሄደችና እግሩ ሥር አኖረችለት። መምህር ናምጉንግ ሊያየውም አልፈለገም። የሚስቱን ሬሳ ተከትሎ፣ የሌላ ሰው ቦቲ እየጎተተ፣ በበረዶው ላይ ወጣ።