ባንተይርጉ የተከለው ዋንዛ

ባንተይርጉ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮውን ይዞ ዋንዛው ሥር መቀመጥ ልማዱ ነበር። ከመኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ የተከለው ችግኝ በጥቂት ክረምት ጣራውን አልፎ ግቢውን ሁሉ በጥላ ሸፍኖታል፤ ነጭ አበባውን ሲያፈነዳ መንገደኞች ቡሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ የለም እያሉ ቆመው ያዩታል። ከሥሩ ማን እንደተቀበረ ግን ከባንተይርጉ በቀር የሚያውቅ የለም። በድንበር ጠብ በአካፋ መትቶ የገደለው የጎረቤቱ የእትዬ ደብሪቱ አንድያ ልጅ፣ ጌታሰው ነው። ለእናቱ "መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሲሄድ አይቼዋለሁ" ብሎ ማለላቸው፤ አፈሩን ማንም እንዳይቆፍረው ደግሞ ዋንዛ ተከለበት።

ዘንድሮ ንቦቹ አበባው ላይ አላረፉም። ያንዣብቡና ይመለሳሉ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ከአበባው መዓዛ በታች፣ ክዳኑ ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ ጉድጓድ ያለ እርጥብ፣ የታፈነ ሽታ፣ መስኮቱን ቢዘጋውም በወለሉ ስንጥቅ እየገባ አንሶላው ላይ፣ ምግቡ ላይ፣ ምራቁ ውስጥ ሳይቀር የሚያድር። ከአልጋው ሥር ሲሚንቶው አብጦ ተሰነጠቀ። በቀትር ጸጥታ ጆሮውን ሲያስጠጋ፣ በጣት አንጓ በር እንደሚመታ ሰው፣ የሆነ ነገር ከታች ሳይቸኩል ያንኳኳል። ሚስቱ ጥሩዓለም "እኔ እዚህ ቤት አላድርም" ብላ ወደ ወንድሟ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር።

"ልትቆርጠው ነው?"

"ሥሩ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው፣ እትዬ።"

"ተው፣ አትንካው። ልጄ ጥላ ይወዳል።"

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

"ማን ነገረዎት?"

"እሱው ራሱ።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ባንተይርጉን ያስፈራውም ይኸው ነው።

ሊሸሽ ሲል እግሩ አልነሳ አለው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ክር የመሰሉ ነጫጭ ሥሮች ጫማውን በስተው፣ ከቆዳው በታች በቁርጭምጭሚቱ በኩል ወደ ላይ እየተሳቡ ነው። አያምም፤ ይቀዘቅዛል ብቻ። ለመጮህ አፉን ሲከፍት ጉሮሮውን አፈር ሞላው።

እትዬ ደብሪቱ በጆግ ውሃ ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ተንበርክከው እግሩ ሥር ቀስ እያሉ አፈሰሱ፤ አፈሩንም በመዳፋቸው ጠቅጠቅ አደረጉት። ከዚያ ወደ ዋንዛው ቀና ብለው፣ የተኛ ልጅ እንደምትቀሰቅስ እናት በለሆሳስ፣ "ጌታሰው፣ ይኸኛውም ጸደቀልህ" አሉ።