ደሟ ተቆጥቷል

«አናጢው ይደበድባታል።»

የልብስ ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤት ይህን ወሬ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ታነሳዋለች፤ ቀን ለደንበኛ ቁልፍ ስትመርጥ ትደግመዋለች፤ አመሻሽ ላይ ስትዘጋም እንዳያድርባት ይመስል አንዴ ሳትለው አትሄድም። ምስክሯስ ማን ነበር? የአናጢው ሚስት፣ የልጅቷ ገላ! ዓይኗ ፈጧል፤ ከድንጋጤ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃት ነው። በልታ አይሆናት፣ ተኝታ አያርፋት፣ ሥጋዋ አልቆ ልብሷ ብቻውን የሚራመድ መስሏል፤ ታዲያ ይሄ ከዱላ ካልሆነ ከምን ይመጣል?

ከቁልፍ ሻጯ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ልብስ የምትተኩሰው የልጅቷ እናት መጀመሪያ አልሰማ ብላ ነበር። ባሏን በጠዋት ቀብራ፣ አንዲቷን ልጇን በካውያ እንፋሎት ያሳደገች ሴት ነች። የሰው ሸሚዝ ስታቃና ወገቧ የጎበጠ፣ ኩራቷ ግን ያልጎበጠ።

«እትዬ፣ እኔ ምን አገባኝ» ትላለች ቁልፍ ሻጯ በሩን ተደግፋ። «ብቻ ልጅዎ እያለቀች ነው።»

«ልጄ ዱሮም ቀጭን ነች።»

«ቀጭንስ እኔም ነበርኩ። ዓይኔ ግን ከቤቱ አልወጣም።»

አናጢው ሚስቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሲሄድ እናትም ካውያዋን ነቅላ ተከተለች። ደሟ ተቀዳ፣ ተመረመረ። ባልየው ሐኪሙን ሲያነጋግር በቆየባት በዚያች አፍታ እናትየው የላብራቶሪውን መስኮት አንኳኳች። «ልጄን ምን አገኛችሁባት?»

«የአንገቷ ዕጢ፣ ታይሮይዷ፣ ከልክ በላይ ይሠራል እማማ» አለ ባለሙያው ቀና ሳይል። «ነጭ የደም ሴሎቿም መቆጣት ያሳያሉ። ደሟ ተቆጥቷል።»

የፊተኛው ቃል በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የኋለኛው ግን ልቧ ላይ እንደ ጋለ ካውያ ተቀመጠ። ተቆጥቷል... ደም እንዲሁ ይቆጣል? ሰው ካላስቆጣው፣ ሰው ካላፈላው፣ የሰው ደም በምን ይቆጣል? ቁልፍ ሻጯ ስትምልበት የከረመችውን ነገር ይኸው ሳይንስ በመስኮት ነገራት!

በዚያው ልጇን፣ ሐኪሙ ካዘዘላት ኪኒን ጋር፣ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ልጅቱ እያለቀሰች «እማዬ፣ እሱ እኮ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም» አለች። እናት ግን «የተመታች ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው» ብላ የጎረቤቷን ቃል መለሰችላት። ስንት እናት ናት ልጇን ከሚወዳት ሰው ያዳነች መስሏት ለሞት ያስረከበች?

አናጢው የመጋዝ ብናኙ ከቅንድቡ ሳይራገፍ መጣ። «እማማ፣ ስለ መድኃኒቷ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።»

«መድኃኒቷ አንተን አለማየት ነው» አለችው በተዘጋው በር። «ኪኒኗን እኔው በእጄ አጎርሳታለሁ።»

አጎረሰቻትም። እውነት ለመናገር ልጅቱ ተሻላት። እጇ ረጋ፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ጉንጯ ሞላ። «አየሽ ሚጣዬ?» ትላለች እናት ሸሚዝ እያጠፈች። «ከዓይንሽ ሲርቅ ደምሽ በረደ።» አናጢው ደግሞ ደጋግሞ መጣ፤ አፉን ሳይከፍት ደጋግማ መለሰችው። በመጨረሻ ሰፈሩ ሲጠቋቆምበት እግሩ አጠረ።

ከዚያ ልጅቱ «ጉሮሮዬን አመመኝ» አለች። እናት «ብርድ ነው» ብላ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለችው። ገላዋ እንደ እሳት ነደደ። ውኃ እንኳ መዋጥ አቃታት፤ አፏ ውስጡ ቆሰለ። እናት ግን ከመድኃኒቷ እንዳትጎድል ፈራች... ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ፣ በማር በጥብጣ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ፣ ለኔ ስትይ» እያለች በጣቷ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። ልጅቱም ስለ እናቷ ብላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ዋጠችው። ወዮ ለዚያች ጣት!

ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ሰው መለየት ትታ ነበር። ዶክተሩ የደሟን ውጤት አይቶ ወደ እናት ዞረ። «ገላዋን ከበሽታ የሚከላከለው ነጭ ሴል አልቋል እማማ። የቁስሏ መርዝ በደሟ ተሰራጭቷል።»

«ያኔ ደሟ ተቆጥቷል ብላችሁኝ ነበር። ያስቆጣትን ሰው አርቄያለሁ እኮ።»

ዶክተሩ የምትለው አልገባውም፤ ሲገባው ግን መነጽሩን አወለቀ። «መቆጣት የምንለው ሕመሙ በሴሎቹ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ከሰው ጋር ምንም አያገናኘውም።»

እናት የልጇን የአልጋ ልብስ ጫፍ በመዳፏ ደጋግማ አቃናችው፤ መጨማደዱ ግን አልለቅ አለ። ረፋዱ ላይ ልጅቱ «ባሌስ?» አለች። ሰው ሮጦ እስኪጠራው ትንፋሿ አልጠበቀውም።

ዕጣ ፈንታ ምን ያህል ጨካኝ ነው! ገዳይ ሲልክ ቢላ አያሲዘውም፤ ፍቅር ያሲዘዋል። ቁልፍ ሻጯ ቀብር ላይ ከሁሉ ፊት ቆማ አለቀሰች፤ እንባዋም የእውነት ነበር።

ከቀብር መልስ አናጢው ካውያው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። እናት ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «ያኔ በር ላይ ምን ልትነግረኝ ነበር ልጄ?» አለችው።

የካውያውን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ።

«ጉሮሮዋን ካመማት ወይ ካተኮሳት ኪኒኑን አቁምና በዚያው ቀን አምጣት ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ኪኒኑ አልፎ አልፎ ነጩን የደም ሴል ይጨርሳል አለኝ። ደንግጣ ልቧ በኃይል እንዳይመታ ብዬ ለእሷ አልነገርኳትም።»